ኒክስ (የጦር መሣሪያ ገዢዎች ማጣሪያ)

ኒክስ በአሜሪካ ጦር መሣሪያ ሊገዛ የመጣ ሰው በሕግ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ የፌዴራል መንግሥት ሥርዓት ነው። ስሙ «ብሔራዊ ፈጣን የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምህጻረ ቃል ነው። ከ1998 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኤፍቢአይ ሲሆን፣ ማዕከሉ በዌስት ቨርጂኒያ ክላርክስበርግ ከተማ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተቃጣው የግድያ ሙከራ የዋይት ሃውስ ቃል አቀባይ ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ሆነ። ተኳሹ ሽጉጡን የገዛው ዳላስ ከተማ ካለ ሱቅ ነበር። ብሬዲና ባለቤቱ ሣራ ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በስማቸው የሚጠራው ሕግ በ1993 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ተፈረመ። መጀመሪያ ላይ ማጣራቱ ለየአካባቢው የፖሊስ አዛዦች ተሰጥቶ ነበር። በ1997 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ፕሪንትዝ» በተባለው መዝገብ፣ የፌዴራል መንግሥት የክፍለ ግዛት ሹማምንትን ይህን እንዲሠሩ ማስገደድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ክፍለ ግዛቶች ሪከርዳቸውን ለኒክስ እንዲልኩ ዛሬም በአብዛኛው የሚበረታቱት በገንዘብ ድጎማ ነው።

አሠራሩ

ገዢው ፈቃድ ባለው ነጋዴ ዘንድ ቅጽ 4473 የተባለውን ይሞላል፤ በቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ነጋዴው በስልክ ወይም በኢንተርኔት መረጃውን ይልካል። ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ጥያቄው የሚያልፈው በራሳቸው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ስሙና የትውልድ ቀኑ በሦስት የመረጃ ቋቶች ይፈለጋል፦ አንዱ የእስር ማዘዣዎችንና የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዞችን፣ ሁለተኛው የወንጀል ታሪክን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ምክንያት የተከለከሉ ሰዎችን ይይዛል። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት፣ ከሕግ የሸሸ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኛ የተባለ ወይም በአገሪቱ በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖር ሰው መግዛት አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ሲችል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካላሟላ ይከለከላል።

መልሱ «ይሸጥ»፣ «ይቆይ» ወይም «ተከልክሏል» ነው። «ይቆይ» ከተባለ በኋላ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልመጣ ሕጉ ነጋዴው እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከዚያ በፊት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ተይዞ ያመነው ቃል ሊያስከለክለው ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ የኤፍቢአይ መርማሪ ሰነዱን የጠየቀችው ከሌላ ጽሕፈት ቤት ስለነበር ቀነ ገደቡ አለፈ። በ2022 የወጣ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ገዢዎች ጊዜውን እስከ 10 የሥራ ቀናት አራዝሟል።

የኮምፒውተር ፍለጋው ራሱ ፈጣን ነው። ችግሩ ማንም ያላስገባውን ማግኘት አለመቻሉ ነው። በ2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ 26 ሰዎችን የገደለው ግለሰብ በአየር ኃይል ሳለ በቤተሰብ ጥቃት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፤ አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ለኤፍቢአይ አላሳወቀም። በ2021 አንድ የፌዴራል ዳኛ ለደረሰው ጉዳት አየር ኃይሉን 60 በመቶ ተጠያቂ አድርገዋል።

ከፖሊስ ክትትል ጋር ያለው ግንኙነት

ማጣሪያው የሚያየው የግዢውን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገዢውን አይከታተልም። የተፈቀደ ግዢ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት፤ በ1986 የወጣ ሕግም የፌዴራል መንግሥት የጦር መሣሪያ ባለቤቶችን መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ስለዚህ ማጣሪያውና ክትትሉ የሚገናኙት በጥቂት ቦታዎች ነው። በ2022 ከወጣ ሌላ ሕግ ወዲህ አንድ ሰው ሲከለከል ኤፍቢአይ ለአካባቢው ፖሊስ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል። ነጋዴውም በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ለአንድ ሰው ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ከሸጠ፣ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ለሆነው ኤቲኤፍ ሪፖርት ያደርጋል። ከሦስት ቀናት በኋላ የተሸጠ መሣሪያ ገዢው የተከለከለ መሆኑ ዘግይቶ ከታወቀ፣ ሄደው የሚያስመልሱት የኤቲኤፍ ወኪሎች ናቸው።

በሽብር ተጠርጣሪነት ዝርዝር ውስጥ መገኘት ብቻውን አያስከለክልም። የዝርዝሩ ስም ሲገኝ ጥያቄው እንዲቆይ ይደረግና የፀረ ሽብር መርማሪዎች ይነገራቸዋል፤ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ካልተገኘ ግን ሽያጩ ይፈቀዳል። በ2016 በኦርላንዶ 49 ሰዎችን የገደለውን ሰው ኤፍቢአይ ቀደም ሲል መርምሮት ነበር። ምርመራው ተዘግቶ ከዝርዝሩ ስለወጣ መሣሪያዎቹን ሲገዛ ለመርማሪዎቹ የደረሰ ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ፍለጋው የሚነሳው ከሰውየው ስም ሳይሆን ከመሣሪያው ነው። በማርቲንስበርግ የሚገኘው የኤቲኤፍ ማዕከል በመለያ ቁጥሩ ተነስቶ ፋብሪካውን፣ ከዚያ አከፋፋዩን፣ ከዚያ ነጋዴውን እየጠየቀ የመጀመሪያውን ገዢ ያገኛል። ሱቃቸውን የዘጉ ነጋዴዎች ሰነድም እዚያው ይከማቻል፤ ወረቀቶቹ በምስል ቢቀዱም በገዢው ስም እንዲፈለጉ ሆነው እንዳይደራጁ ሕጉ ስለሚከለክል ሠራተኞች ገጽ በገጽ ያገላብጣሉ። የፌዴራል ሕግ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ማጣሪያም ሆነ ሰነድ ስለማይጠይቅ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ሕግ ከሌለው ዱካው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገዢ ዘንድ ይቋረጣል።