የትኩረት ደረጃ
እ.ኤ.አ. ኦገስት 2018 በጣሊያኗ ጄኖቫ የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ፣ በ2020 የወጣው የአገሪቱ መመሪያ ለድልድዮች «የትኩረት ደረጃ» ይሰጣል፤ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ አምስት እርከን አለው። መርማሪው ስንጥቁንና የዛገውን ብረት ፎቶ አንስቶ ቅጹን ይሞላል፤ ከዚያ አንድ ሶፍትዌር ይህን ከትራፊኩ ብዛት፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከመሬት መንሸራተትና ከጎርፍ ስጋት ጋር አዳምሮ ደረጃውን ያወጣል።

«ከፍተኛ» ማለት ታዲያ «ሊወድቅ ነው» ማለት አይደለም፤ «ሳይውል ሳያድር በጥልቀት ይፈተሽ» ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ዝቅተኛ» የሚለው ነው። የሞራንዲ የብረት ገመዶች በኮንክሪት የተሸፈኑ ነበሩ፤ ውስጥ ውስጡን የበላቸውን ዝገት ከውጭ ዓይንም ካሜራም አያየውም። ቅጹ ላይ ያልሰፈረውን ሶፍትዌሩ ከየት ያመጣዋል? መመሪያውም በተወጠረ ገመድ ለተሠሩ የኮንክሪት ድልድዮች ልዩ ፍተሻ የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።