ሁለቱ ማርክ እና ዩክሊድ

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ። መጨረሻው ላይ ይቅርታ ስላለበት እስከ ታች አንብቡልኝ።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለ10ኛ ክፍል አንድ ጥያቄ አወጣሁ። ሀ፣ ለ እና ሐ ክብ ላይ ያሉ ነጥቦች ናቸው። ከሀ እና ከለ አንዳንድ መስመር ወደ ማዕከሉ፣ አንዳንድ መስመር ደግሞ ወደ ሐ ይሄዳል። ሀ ላይ በመስመሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን 25 ዲግሪ፣ ለ ላይ ያለው 35 ዲግሪ ነው። ማዕከሉ ላይ በሁለቱ ሬዲየሶች መካከል ያለው ስንት ነው?

የጠበቅኩት «ማዕከል ላይ ያለው ማዕዘን፣ በዚያው ቅስት ላይ ቆሞ ክቡ ላይ ካለው ማዕዘን እጥፍ ነው» የሚለውን ቲዎረም ጠቅሰው እንዲሰሩት ነበር። አንዱ ልጅ ግን ምንም አልጠቀሰም። ከሐ ተነስቶ ማዕከሉን አልፎ የሚሄድ መስመር አሰመረ። ሬዲየሶች ሁሉ እኩል ስለሆኑ ሁለት ጎናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አገኘ። የውጭ ማዕዘኖቻቸው 25+25=50 እና 35+35=70፤ ድምሩ 120 ዲግሪ። መልሱ ልክ ነው! እኔ ግን «ቲዎረሙ የታለ?» ብዬ ሁለት ማርክ ቀነስኩበት። ሊያስረዳኝ ቢመጣም «በተማርከው መንገድ ሥራ» ብዬ መለስኩት።

ከዓመታት በኋላ የዩክሊድን «ኤለመንትስ» አገላበጥኩ። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በግብፅ፣ እስክንድርያ ያስተማረ ሰው ነው። መጽሐፉ 13 ክፍል አለው፤ ሦስተኛው ስለ ክብ ነው። እዚያ 20ኛው ላይ ያን ቲዎረም አገኘሁት። ማረጋገጫውን ሳነብ ደነገጥኩ። ዩክሊድም ከክቡ ላይ ተነስቶ ማዕከሉን አልፎ የሚሄድ መስመር ያሰምርና፣ እኩል ሬዲየሶችን ይዞ የውጭ ማዕዘኖቹን ይደምራል። ልጁ የሰራው ይሄንኑ ነው!

21ኛው (በአንድ ቅስት ላይ የቆሙ ማዕዘኖች እኩል ናቸው) ከዚሁ ይወጣል። 22ኛው (ክብ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ተቃራኒ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው) ደግሞ ከ21ኛው። በግማሽ ክብ ውስጥ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ መሆኑን ግሪኮች ከዩክሊድም በፊት ያውቁ ነበር፤ አርስቶትል በምሳሌነት ጠቅሶታል። እሱንም ዩክሊድ በ31ኛው ላይ ያረጋገጠው በእኩል ሬዲየሶች ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ፈተና ላይ ቲዎረሙ ከጠፋባችሁ አትደንግጡ፤ ሬዲየሶቹን አስምሩና እኩል ማዕዘኖችን ፈልጉ። አስተማሪ ጓደኞቼም፣ ኤክስ ከማድረጋችን በፊት የልጁን መንገድ እስከ መጨረሻ እንከተለው።

አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። ሁለቱ ማርክ ያንተ ነበሩ። ኢንቦክስ ጻፍልኝ፤ ቡናው በእኔ ነው።