የአሰብ መስመር ሽታ

በአሰብ መስመር በቦቴ ረዳትነት ጀምሬ በሾፌርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ኑሮዬ አዋሽ ሰባት ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ሰርዶን አልፈን የምናርፈው ሎጊያ ነበር፤ ከዚያ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ። የምንጭነው ከአሰብ ማጣሪያ የወጣውን ነዳጅ ነው። ንጉሡ በ1959 እ.ኤ.አ. ሞስኮን ሲጎበኙ ሶቭየቶች በፈቀዱት ብድር ተሠርቶ በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ ማለቴ ነው።

ግራሶ የነካውን እጃችንን በቤንዚን እንታጠብ ነበር። ቱቦውን በአፋችን ስበን ወደ ጄሪካን እንገለብጣለን። የቦቴውን ክዳን ከፍተን ስንለካ እንፋሎቱ ፊታችንን ይመታዋል፤ እውነት ለመናገር ሽታውን እንወደው ነበር።

ስለ ሽታው የነገረችኝ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጄ ናት። ቤንዚን ውስጥ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ነገሮች አሉ፦ ቤንዝን፣ ቶሉዊን፣ ዛይሊን። ኦክቴኑን ከፍ አድርገው ሞተሩ እንዳያንኳኳ ይከላከላሉ። ክፉው ቤንዝን ነው። የሚፈላው በ80 ዲግሪ ስለሆነ በሎጊያ ቀትር ክዳን በተከፈተ ቁጥር ይተናል፤ በሳንባ ገብቶ ደም የሚሠራበትን መቅኔ ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል።

ኦክቴን ለማሳደግ ዓለም ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት እርሳስ ነው። እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳ ስለነበር፣ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አስቀሩት። ደግ አደረጉ። ማጣሪያዎች ግን የጎደለውን ኦክቴን በከፊል የሞሉት በእነዚሁ አሮማቲኮች ነው። አውሮፓ ቤንዝን ከመቶ 1 እጅ እንዳይበልጥ በ2000 ገደበች።

የእኛ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድም ቀረ፤ ቦቴው ሁሉ ተጣርቶ የመጣ ነዳጅ ከጅቡቲ እየጫነ በጋላፊ መግባት ጀመረ። መንገዱ ቢቀየርም ሎጊያና ሚሌ ከቦቴ አላረፉም።

ቦቴ ሲገለበጥ ሰው የሚያየው እሳቱን ነው። ሳይቃጠል አፈር የጠጣው ግን አለ። ቤንዝን ከሌላው ነዳጅ ይልቅ በውሃ ስለሚሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ በዚህ በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ሰውም ግመልም የጉድጓድ ውሃ ይጠጣል። ናፍጣም ቢሆን ንጹህ አይደለም፤ ጥቁሩ ጭስ ብዙ ቀለበት ያላቸውን አሮማቲኮች ተሸክሞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስንጎተት ስንቱን እንደማግነው ቤቱ ይቁጠረው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ወሬውን በሁለት ልብ ነው የሰማሁት፦ ጭሱ ይቀርልናል፣ ግን ሎጊያ ሻይ የምታፈላዋና ሚሌ ያለው ጎሚስታ ከማን ይበላሉ? ቧንቧው አልተዘረጋም።