ዋና የማያውቀው ቀዛፊ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ሰውዬ ኦስካር ሽፔክ ይባላል፤ የሃምቡርግ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ። የዓለም ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት የእሱም ድርጅት አብሮ ተዘጋ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1932 ነው፤ በኛ 1924 ግንቦት ላይ መሆኑ ነው። ጀርመን በሥራ አጥ ተጥለቅልቃለች። ሽፔክ ቆጵሮስ የመዳብ ማዕድን ቦታ ሥራ ሊገኝ ይችላል ብሎ አሰበ። የመርከብ መሳፈሪያ የለውም። ያለችው አንዲት ታጥፋ የምትያዝ ካያክ ናት።

ካያኳ ምን መሰለቻችሁ? የእንጨት አጥንት ላይ በጎማ የተለበጠ ሸራ የተወጠረባት፣ አምስት ሜትር ተኩል ግድም የምትረዝም ቀጭን ነገር። የጣናን ታንኳ ብታስቡ አትርቁም፤ ልዩነቱ ይቺ ተፈታትታ በከረጢት መግባቷ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራች ስለነበረች በትርፉ መቀመጫ ቦታ ስንቁንና ውኃውን ጫነ። ንፋስ ሲመች የምትዘረጋ ትንሽ ሸራና በእግር የሚዞር መሪ አላት። እንዲህ ሆኖ ኡልም ከተማ ላይ ዳኑብ ወንዝ ገባ። ዋና ግን አያውቅም። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል።

ከዳኑብ ወጥቶ ወደ መቄዶንያው ቫርዳር ወንዝ ተሻገረ፤ በዚያ ወርዶ ኤጅያን ባሕር ደረሰ። ከግሪክ ደሴት ወደ ደሴት፣ ከዚያ የቱርክን ዳር ይዞ ቆጵሮስ ገባ። ለሥራ የመጣው ሰውዬ ታዲያ እዚያ ሲደርስ ሥራውን ረሳው። ወደ አውስትራሊያ ልቀጥል አለ! እኔ በበኩሌ ይህን ውሳኔ ጀግንነት ነው ለማለት ይከብደኛል። አገር ቤት የሚጠብቀው ሥራ የሌለው ሰው ወደፊት መሄድ ይቀለው ይሆናል።

ሶርያ ላይ ካያኳን በአውቶቡስ ጭኖ ኤፍራጥስ ደረሰ፤ ወንዙን ተከትሎ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ማክራን ነው፤ ዛሬ ኢራንና ፓኪስታን የሚካፈሉት ጠረፍ። በረሃው እስከ ውኃው ይወርዳል፣ ተራራው ባሕሩን ተደግፎ ይቆማል፣ የሚጠጣ ውኃ እንደ ልብ አይገኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ባሕር ሰውን የሚገድለው መሐል ላይ ይመስለናል። ካያክ ቀዛፊ ግን ይበልጥ የሚፈራው ዳሩን ነው። በጥልቁ ውኃ ላይ ማዕበል ጀልባዋን ያነሣታል፣ መልሶ ያስቀምጣታል፤ ቁመቱ ቢያስፈራም ያሳልፋታል። ውኃው እየሳሳ ሲሄድ ግን የማዕበሉ እግር መሬት እየነካ ይዘገያል፤ አናቱ ቀድሞ ይሄድና ይደረመሳል። ጀልባዋ በዚያ ሰዓት ጎኗን ከሰጠች አለቀ፤ ተገልብጣ ከነጭነቷ አሸዋ ላይ ትፈጠፈጣለች። ሽፔክ ደግሞ ካያኳ ውስጥ መተኛት አይችልም፤ መሪውን ከለቀቀ ማዕበሉ ያዞራታል። ስለዚህ ለመተኛት ወደ ዳር መውጣት ነበረበት። በወጣም ጊዜ ያን ነጭ አረፋ ይሰነጥቃል፣ ሲነሣም እንደገና። ዋና ሳይችል!

ሕንድና ሴሎን ሲደርስ ጋዜጦች ጻፉለት፤ ንግግር እያደረገ ስንቅ የሚገዛበት ገንዘብ አገኘ። ወባ ደጋግማ ጣለችው። ያረጁትን ካያኮች አምራቹ ኩባንያ እየተካለት በርማን፣ ማላያንና ሲንጋፖርን አለፈ። አንድ ነገር አልደብቃችሁም፦ ከኋለኞቹ ዓመታት ፎቶዎቹ በአንዳንዶቹ ካያኳ ላይ ስዋስቲካ ያለባት ሰንደቅ ትታያለች። ቀዛፊውን የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ይየው።

ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንለው የደች ግዛት፣ ላኮር በምትባል ደሴት፣ ሰዎች ሌሊት መጥተው ከበቡት። ደበደቡት፣ በጎሽ ቆዳ ጠፍር አሰሩት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ጠፍሩን ፈትቶ ካያኳ ጋ ደረሰና ባሕር ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃኛል ይል ነበር።

ከዚያ የደች ባለሥልጣናት በኒው ጊኒ ደቡብ ጠረፍ፣ ማለትም በአጭሩ መንገድ፣ እንዳይሄድ ከለከሉት። በሰሜን በኩል ግዙፏን ደሴት ዞራት። ያ ዙር ዋጋ አስከፈለው። ሳይባይ የምትባለው የአውስትራሊያ ደሴት ሲደርስ 1939 ሴፕቴምበር ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ጥቂት ሳምንት ቢሆን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ፣ 50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀዝፎ መጥቷል። ዳር ላይ የጠበቁት ፖሊሶች ናቸው። እጁን ጨበጡት፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ አስከትለውም የጠላት አገር ዜጋ ነህ ብለው አሰሩት።

ጦርነቱን በካምፕ አሳለፈ፤ አንድ ጊዜ አምልጦ ተይዟል። ሲፈታ ላይትኒንግ ሪጅ ሄዶ ኦፓል ድንጋይ ይቆፍርና ይቀርጽ ጀመር፤ አውስትራሊያም ቀረ፣ እዚያው አርጅቶ ሞተ። ያነሣቸው ፎቶዎችና የቀረጸው ፊልም ሲድኒ፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ይገኛሉ።