በኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል

ኢንስታግራምን ዘግተው፣ በገዛ እጃቸው ኮድ እየጻፉ የግል ድረ ገጽ የሚሠሩ ሠዓሊዎችና ዲጂታል አርቲስቶች እየተሰሙ ነው። አዲስ ፋሽን ይመስላል። የድረ ገጽን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን ወደ ድሮ ሰፈር መመለስ ነው።

ቲም በርነርስ ሊ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ብራውዘር ሲሠራ፣ ፕሮግራሙ ገጽ ማንበቢያም መጻፊያም ነበር። አንባቢው ራሱ ገጽ ይሠራል ተብሎ ነው የታሰበው። ሰርን በ1993 ቴክኖሎጂውን ለሁሉም በነፃ ሲለቅ ደግሞ፣ ኮምፒውተርና መስመር ያለው ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ገጽ መክፈት ቻለ።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አርቲስቶች አንዷ የሞስኮዋ ኦሊያ ሊያሊና ናት። በ1996 «ፍቅረኛዬ ከጦርነት ተመለሰ» የሚል ሥራ ሠራች። ስትከፍቱት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍና ጥቂት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ታያላችሁ። በነካችሁት ቁጥር ስክሪኑ ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፤ ሁለቱ ሰዎች ይነጋገራሉ እንጂ አይግባቡም። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ባዶ ጥቁር ሳጥን ነው። ሸራም ሙዚየምም አላስፈለጋትም፤ ብራውዘሩ ራሱ ሸራዋ ሆነ።

የሚገርመው ሥራው ዛሬም መከፈቱ ነው። እንዴት? ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ነዋ! ማንኛውም ኮምፒውተር ያነበዋል። ሊያሊና ስክሪኑን የከፈለችበት «ፍሬም» የተባለው ዘዴ በኋላ ከደረጃው ተሰርዟል፤ ብራውዘሮች ግን አሁንም ያሳዩታል። ድሮ የተሠሩ ገጾች እንዳይበላሹ ሲባል ነው።

ብዙው ሰው ግን የራሱ ሰርቨር አልነበረውም። ለእሱ ጂኦሲቲስ መጣለት። በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ይህ ድርጅት ለማንም ሰው ነፃ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ ቦታው እንደ ከተማ በሰፈር የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ገጽም የቤት ቁጥር ያለው ነበር። የአርቲስቶቹ ሰፈር በኒው ዮርኩ የሠዓሊዎች መንደር ስም «ሶሆ» ይባል ነበር። የሚያብረቀርቁ ኮከቦች፣ ዓይን የሚወጋ ቀለም፣ «ገና በግንባታ ላይ ነው» የሚል ምልክት... ዲዛይነሮች ይስቁበት ነበር። እኔ በበኩሌ ዛሬ ካለው አንድ ዓይነት ገጽ እሱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ማን እንደሚኖርበት ያስታውቃል።

ቤቱን የሠሩት ነዋሪዎቹ ቢሆኑም መሬቱ ግን የሰው ነበር። በ1999 ያሁ ጂኦሲቲስን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና አዲስ ውል አወጣ። ውሉ በገጾቹ ላይ ያለውን ጽሑፍና ምስል ድርጅቱ እንዳሻው እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው የሚፈቅድ ነበር። ነዋሪው ተቆጣ። ብዙዎች የገጻቸውን ቀለምና ሥዕል አውልቀው ባዶ ግራጫ አድርገው ተዉት። ያሁም ብዙ ሳይቆይ ውሉን አለዘበ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ ከተማዋን እንዳለች ዘጋት። አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች እየተሯሯጡ ያተረፉት አንድ ቴራባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዲስክ ይይዘዋል። ሊያሊናና አጋሯ ድራጋን ኤስፐንሺድ ይህን ቅሪት እንደ አርኪዮሎጂስት ሲያጠኑት ኖረዋል። ስክሪንሾቶቹን ለሕዝብ የሚያሳዩት ታምብለር ላይ መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ እሱም ኪራይ ቤት ነው።

የማይስፔስ ታሪክ አጭር ነው፦ በ2019 ድርጅቱ ፋይል ሲያዛውር ከ2015 በፊት የተጫነው ሙዚቃ እንደጠፋ አመነ። ወደ 50 ሚሊዮን ዘፈን እንደሆነ ተገምቷል።

ኢንስታግራም ሥዕላችሁን አያጠፋባችሁም እንበል። በ2016 ምስሎችን በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየቱን ትቶ በአልጎሪዝም ማሳየት ጀመረ። ስለዚህ የተከተላችሁ ሰው ሁሉ ሥራችሁን ያያል ማለት አይደለም። ለቃችሁ ስትወጡ ምስሎቻችሁን ማውረድ ትችላላችሁ፤ ተከታዮቻችሁን ግን አታወርዱም። ለአርቲስት ደግሞ ገበያው እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ገጹን ማን ሠራው ከሚለው ይልቅ፣ ሲወጡ ምን ይዞ መውጣት ይቻላል የሚለው የሚያሳስበኝ። የግል ድረ ገጽ ያለው ሰው ፋይሉንም አድራሻውንም ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር ይገባል፤ ጎብኚው መቀየሩን እንኳ አያውቅም።

ይህ ማለት ግን የግል ድረ ገጽ ገነት ነው ማለት አይደለም። አድራሻው ራሱ በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ባለቤቱ ሲሞት ከፋይ ከሌለ አብሮት ይሄዳል። ጎረቤት ስለሌለው እንግዳም አይበዛበትም። አንዳንዶች «ሥራዬን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ እንዳይወስዱብኝ» ብለው ይገቡበታል፤ እዚህ ላይ አልስማማም። በ2022 የወጣው ላዮን-5ቢ የተባለው ስብስብ ከ5 ቢሊዮን በላይ ምስሎችን የጠቆመው ከክፍት ድረ ገጾች ለቅሞ ነው። ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበት «እዚህ አትግቡ» የሚለው የሮቦት ፋይልም በር ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ጨዋ ያከብረዋል፣ ሌላው አልፎት ይገባል። እንዲህ ላለው ሥጋት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 የለቀቁት፣ ምስሉን ዓይን በማይለየው ለውጥ የሚሸፍነው «ግሌዝ» የተሻለ ይረዳል፤ እሱም ፍጹም አይደለም።

ሊያሊና በ2013 «በጋ» የሚል ሥራ ሠርታለች። እሷ ራሷ ዥዋዥዌ ስትጫወት የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ ገመዱ ከብራውዘሩ የላይኛው ጫፍ የታሰረ ይመስላል። የምስሉ ፍሬሞች ግን በአንድ ቦታ አልተቀመጡም፤ በተለያዩ ሰዎች ድረ ገጾች ላይ ተበትነዋል። ብራውዘሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል አድራሻው ይቀያየራል፣ እሷም ትወዛወዛለች። መስመር ሲዘገይ ዝግ ትላለች። ከወዳጆቿ አንዱ ሰርቨሩን ካጠፋ ዥዋዥዌው እዚያው ላይ ይቆማል።