ራስዋን የመረመረች መምህርት

ስለ ሔለን ኬለር ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመናገር ያሰብሁት ስለ ተማሪዪቱ ሳይሆን ስለ መምህርቷ ስለ አን ሱሊቫን ነው። መምህር ተማሪውን ሲመረምር በየዕለቱ እናያለን፤ ራሱን ሲመረምር ማየት ግን ለእኛ ለተማሪዎች እምብዛም አያጋጥመንም።

አን ሱሊቫን በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከድኻ የአየርላንድ ስደተኞች ተወለደች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ገና ሕፃን ሳለች ትራኮማ፥ ማለት በአገራችንም ብዙ ሰው የሚያሠቃየው የዐይን ማዝ፥ ዐይኗን አደከመው። እናቷ ከሞተች በኋላ በ1876 ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ድኾች መጠለያ ተላከች፤ ወንድሟም ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያው ሞተ። በ1880 ቦስተን ወደ ነበረው ወደ ፐርኪንስ የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ስትገባ 14 ዓመቷ ነበር፤ ማንበብም አታውቅም። በቀዶ ሕክምና ዐይኗ ተሻሻለ፤ በ1886ም ትምህርቷን ስትጨርስ በጓደኞቿ ስም የስንብት ንግግር ያደረገችው እርስዋ ነበረች።

ማርች 3 ቀን 1887 በአላባማ ቱስካምቢያ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰች። ሔለን ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያለፋት፥ ከ19 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ በሕመም ምክንያት የማታይና የማትሰማ ልጅ ነበረች። ቤተ ሰቡ ስለሚያዝንላት የፈለገችውን ሁሉ ይተውላት ነበርና በማዕድ ጊዜ ከየሰዉ ሳህን በእጇ እየዘገነች ትበላ ነበር። መምህርቷ ይህን አልፈቀደችም። አንድ ቀን ጧት ቤተ ሰቡ ከምግብ ቤት ወጥቶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩና ትግል ሆነ። ልጂቱ ማንኪያውን ትወረውራለች፤ መምህርቷ አንሥታ መልሳ ታስጨብጣታለች። በመጨረሻ ሔለን በማንኪያ በላች። አን ሱሊቫን ግን ወደ ክፍሏ ወጥታ አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ይህን ልናውቅ የቻልነው ራስዋ ስለ ጻፈችው ነው። በፐርኪንስ እንደ እናት ትንከባከባት ለነበረችው ለሶፊያ ሆፕኪንስ ዘወትር ደብዳቤ ትልክላት ነበር፤ ደብዳቤዎቹም በ1903 ሔለን ከጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ጋር ታትመዋል። ድሏን ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬዋንም ትጽፍ ነበር።

በመጀመሪያ የነበራት እምነት ታዛዥነት ለዕውቀትም ለፍቅርም በር ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ልጂቱን ከወላጆቿ ለይታ በአትክልቱ ቦታ ባለች ትንሽ ቤት ሁለት ሳምንት ያህል አብራት ተቀመጠች። ይህን ሳነብ አዘንሁ፤ ወላጅ የሆነ አንባቢም ያዝን ይሆናል። ይሁን እንጂ የልጂቱ ቁጣ የበረደው እዚያ ነው።

አፕሪል 5 ቀን የሆነውን ሁሉም ያወራዋል። ሔለን የኩባያንና የውሃን ስም እየቀላቀለች አስቸግራ ነበር። ከውሃ መሳቢያው ሥር የቀዘቀዘው ውሃ በአንድ እጇ ላይ ሲፈስስ መምህርቷ በሌላው መዳፏ ላይ የውሃን ስም በጣት ፊደል ጻፈችላት፤ ልጂቱም ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ተረዳች።

ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ይልቅ አፕሪል 10 ቀን የጻፈችው ደብዳቤ ይበልጥብኛል። በነዚያ ቀናት አንዲት የ15 ወር ሕፃን፥ የሔለንን ዘመድ፥ ትመለከት ነበር። አፍንጫሽ የት ነው ሲሏት በጣቷ ታሳያለች፤ መናገር ግን ገና አልቻለችም። ማንስ በሰዓት ወስኖ አስተማራት? አን ሱሊቫን ይህን አስባ ልጂቱን በተወሰነ ሰዓት አስቀምጦ ቃላት ማስጠናቱን ተወችው። ለሕፃን በጆሮዋ እንደሚነገራት ሁሉ እርስዋም ለሔለን ቀኑን ሙሉ በመዳፏ ላይ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ልትናገራት ወሰነች። ድል ካደረገች ገና አምስት ቀን ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ዘዴዬ ሠመረ ብሎ በያዘው ይጸና ነበር።

ሔለን ከ1900 እስከ 1904 በራድክሊፍ ኮሌጅ ስትማር መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ የፕሮፌሰሮቹን ቃል በመዳፏ ላይ ትጽፍላት ነበር። ለዐይነ ሥውራን ያልታተሙትንም መጻሕፍት በዚያ በደከመ ዐይኗ እያነበበች ትነግራት ነበር። በ1936 ስትሞት የራስዋም ዐይን ማየት ተስኖት ነበር።