የመሬት ውስጥ ምስጥ

የመሬት ውስጥ ምስጥ ከአፈር በታች በመንጋ የሚኖር፣ እንጨትና ደረቅ ዕፅ የሚበላ ነፍሳት ነው፤ መልኩ ጉንዳን ቢመስልም ዝምድናው ከበረሮ ጋር ነው። ሠራተኞቹ አያዩም። ከጎጆአቸው የሚነሳ ቅርንጫፋማ ዋሻ በመንጋጋቸው እየቆፈሩ ግድግዳውን በምራቅና በዓይነ ምድር ይለስናሉ። ምግብ ያገኘው ሠራተኛ ከሆዱ ዕጢ የሚመነጭ ጠረን በመንገዱ ይተዋል፤ ሌሎቹ ያንን ተከትለው ይመላለሳሉ፣ ጠረኑም ይበረታል፤ ምግብ ያልተገኘበት መስመር ግን ይተዋል። ከአፈር ሲወጡ ከብርሃንና ከድርቀት የሚከልላቸውን የጭቃ ልባስ በግንድና በምሰሶ ላይ ይሠራሉ። ማክሮተርመስና ኦዶንቶተርመስ የተባሉት ወገኖች የለቀሙትን ወስደው ፈንገስ ያበቅሉበታል። ብርድ ስለሚገድባቸው፣ ለምሳሌ ከመካነ ሰላም ከተማ ደጋ ይልቅ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ይስማማቸዋል። በኢትዮጵያ ጉዳታቸው ጎልቶ የሚታወቀው በምዕራብ ወለጋ ሲሆን ሰብል፣ ግጦሽና የእንጨት ቤት ያጠቃሉ፤ የባሕር ዛፍ ችግኝንም ከሥሩ ይበሉታል።